«ሞተሩ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት፦ የአሮጌ ቫኪዩም ክሊነር የሞተር ችግርን በቅደም ተከተል ስለመለየት

መግቢያ

በጥገና ቤቶች አካባቢ «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚለውን ያህል የሚዘወተር አነጋገር ያለ አይመስለኝም። ቫኪዩም ክሊነር አልነሳ ሲል ተቃጥሏል ነው፤ ተነስቶ ሲቆም ተቃጥሏል ነው፤ ሲጮህም፣ ሲሸትም፣ ብልጭታ ሲያወጣም ያው ተቃጥሏል ነው። የዕቃው ባለቤት ደግሞ የሞተር ውስጥ ምን እንደሚመስል ስለማያውቅ ወይ የተጠየቀውን ከፍሎ ሞተር ያስቀይራል፣ ወይ ዕቃውን ለቆራሌው በርካሽ ይሸጠዋል።

ይሁን እንጂ አለመሥራትና መቃጠል አንድ አይደሉም። የአሮጌ ቫኪዩም ሞተር የሚቆምባቸው በርካታ ምክንያቶች አሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሞተሩን በእርግጥ የሚገድሉት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት በጽዳት፣ ገመድ በመቀየር፣ ወይም የጣት ጫፍ የምታክል ካርቦን በመተካት የሚፈቱ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቶቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

አንባቢ «የጋዜጠኝነት ተማሪን ከቫኪዩም ክሊነር ጋር ምን አገናኘው?» ሊል ይችላል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የገላጭ ጽሑፍ ትምህርታችን የአንድን የዕለት ተዕለት ዕቃ አሠራር ለማያውቅ ሰው ማስረዳትን ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን ከማርክም ይበልጥብኛል። ታላቅ እህቴ ከጓደኛዋ ጋር ሆና የሰው ቤትና ቢሮ ሶፋና ምንጣፍ በማጽዳት ነው የምትተዳደረው፤ የእኔም የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ወጪ የሚሸፈነው ከዚያው ነው። ያሏቸው ሁለት አሮጌ ቫኪዩሞች በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ቆሙ። ጥገና ቤት ሲወሰዱ ሁለቱም ሳይፈቱ «ሞተራቸው ተቃጥሏል» ተባለ። ለአንዱ ሞተር ብቻ የተጠየቁት ገንዘብ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ያህላል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ደግሞ የአንድ ሙሉ ፎቅ ምንጣፍ ለማጽዳት ቀብድ ተቀብለው ነበር።

ስለዚህ ሁለቱን ማሽኖች ተሸክመን በሰፈራችን ለረጅም ዘመን ሞተር ሲጠቀልሉ ወደኖሩ አንድ አዛውንት ሄድን። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ከዚህ በታች ያለው ትምህርት በአብዛኛው እሳቸው ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ እየጠየቅሁ የጻፍኩት፣ በኋላም ከመማሪያ መጻሕፍት ጋር ያመሳከርኩት ነው።

ሞተሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ቫኪዩም ክሊነርን በእጅ የሚገፋ የቤት ዕቃ እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች አንዱ ራሱ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ጄምስ መሪ ስፓንግለር ይባላል። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በካንተን ከተማ፣ በአንድ የገበያ መደብር ሲያጸዳ አቧራው አስሙን ስላባባሰበት የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ ማሽን ሠራ። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን፣ በኋላ መብቱን ለዊልያም ሁቨር ሸጠው። መሠረታዊው አሠራር ዛሬም ያው ነው፤ ሞተሩ ማራገቢያ ያዞራል፣ ማራገቢያው አየር ይስባል፣ አየሩ አቧራውን እየነዳ ወደ ከረጢቱ ያስገባዋል።

በአሮጌዎቹ ቫኪዩሞች ውስጥ ያለው ሞተር «ዩኒቨርሳል ሞተር» ይባላል። ስሙን ያገኘው በተለዋዋጭም ሆነ በቀጥተኛ ኮረንቲ መሥራት ስለሚችል ነው። ጁስ መፍጫና የእጅ ድሪል ውስጥም የምናገኘው ይህንኑ ዓይነት ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በደቂቃ 20,000፣ 30,000 ዙር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይሽከረከራል።

ዋና ዋና ክፍሎቹ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ከዳር ተተክሎ የማይንቀሳቀሰው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። ሁለተኛው መሐል ላይ የሚሽከረከረው፣ አርማቸር የሚባለው ጥቅል ነው። ሦስተኛው በአርማቸሩ አንገት ላይ ክብ ሠርተው የተደረደሩት ትናንሽ የመዳብ ቁራጮች ናቸው፤ ኮሙቴተር ይባላሉ። አራተኛው በሞላ እየተገፉ ኮሙቴተሩን ከሁለት ጎን የሚነኩት ሁለቱ ካርቦኖች ናቸው። አርማቸሩ እየተሽከረከረ ኮረንቲ የሚያገኘው በእነዚህ ካርቦኖች በኩል ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ይመጣል። ኮረንቲው የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከገመዱ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያ ወደ ዳሩ ጥቅል፣ ከዚያ ወደ አንደኛው ካርቦን፣ ወደ አርማቸሩ፣ ወደ ሁለተኛው ካርቦን፣ ከዚያም ይመለሳል። ልክ በአንድ ክር እንደተሰካ መቁጠሪያ ማለት ነው። ክሩ የትም ቦታ ይበጠስ፣ ውጤቱ አንድ ነው፤ ማሽኑ ፀጥ ይላል። በመሆኑም ፀጥ ያለ ማሽን የሚነግረን «መንገዱ አንድ ቦታ ተቋርጧል» ብቻ ነው። የት እንደተቋረጠ ግን አይነግረንም። «ተቃጥሏል» የሚለው ባለሙያ ይህንን ሳይፈልግ ከሆነ የተናገረው፣ ግምት ነው የነገረን።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር ማቀዝቀዣ ነው። በአብዛኛው ደረቅ አቧራ ብቻ በሚስቡ የቤት ቫኪዩሞች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ራሱ የተሳበው አየር ነው። አየሩ በከረጢቱና በማጣሪያው ካለፈ በኋላ በሞተሩ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ከረጢቱ ሲሞላ ወይም ማጣሪያው ሲደፈን ሞተሩ መሳብ ብቻ ሳይሆን መተንፈስም ያቅተዋል።

ከመክፈት በፊት

ማሽኑን ከሶኬት መንቀል የመጀመሪያው ሕግ ነው። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አንዳንዱ ማሽን ውስጥ ካፓሲተር ስላለ ከተነቀለም በኋላ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያሻል። ሞተር ተፈትቶ ኮረንቲ ሰጥቶ መሞከር የባለሙያ ሥራ ነው፤ ተማሪም ሆነ የቤት ባለቤት በዚህ አይጫወት። ከዚህ በታች ካሉት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ሞተር መፍታት አይጠይቁም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱማ ካቻቪቴ እንኳ አይፈልጉም።

ደረጃ 1፦ ኮረንቲው ማሽኑ ድረስ ይደርሳል ወይ?

በዚያው ሶኬት ሌላ ዕቃ ሰክቶ መሞከር። ማከፋፈያ ካለ እሱን አውጥቶ በቀጥታ መሰካት። 1800 ዋት የሚል ማሽን በ220 ቮልት ከ8 አምፒር በላይ ይስባል፤ ቀጭን ሽቦ ያለው ማከፋፈያ ይህን ሲሸከም ይሞቃል፣ ሞተሩም የሚገባውን ያህል ኃይል አያገኝም። ቀጥሎ ገመዱን ማየት ነው። ገመድ የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ በሁለት ቦታ ነው፤ ከሶኬት መሰኪያው ሥር እና ከማሽኑ አካል ሲወጣ በሚታጠፍበት ቦታ። ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ ሊገኝ ይችላል። ከሶኬት ነቅሎ፣ የገመዱን ጫፍና ጫፍ በቴስተር እየለኩ ማጠፍና መዘርጋት ይህን ያሳያል።

እዚሁ ላይ በማሽኑ ሆድ ወይም ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። የእኛ አገር ኮረንቲ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጡ ማሽኖች ግን የተሠሩት ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የኸርዙ ልዩነት ለዩኒቨርሳል ሞተር ብዙ ችግር አይፈጥርም፤ የቮልቱ ግን ይገድለዋል። ቮልቱ ወደ 1.8 እጥፍ ሲያድግ በሽቦዎቹ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ3 እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ትራንስፎርመር የሚጠቀም ሰውም ትራንስፎርመሩ የሚሸከመው ዋት ማሽኑ ላይ ከተጻፈው መብለጡን ማረጋገጥ አለበት።

ደረጃ 2፦ አየሩ መንገድ አለው ወይ?

ማሽኑ ተነስቶ ከ10 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ በራሱ የሚቆም፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደገና የሚነሳ ከሆነ ሞተሩ አልተቃጠለም። እንዲያውም እንዳይቃጠል የተገጠመለት የሙቀት መከላከያ ሥራውን እየሠራ ነው። መከላከያው ሙቀት ሲበዛ ኮረንቲውን ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመልሳል። ጥፋቱ ያለው በከረጢቱ፣ በማጣሪያው ወይም በቱቦው ውስጥ ነው። ቱቦውን ለመፈተሽ ከማሽኑ ነቅሎ አንድ ሳንቲም ከላይ መልቀቅ ይበቃል፤ ሳንቲሙ ከታች ካልወጣ ካልሲ፣ ወረቀት ወይም የፀጉር ድብልብል አለ።

ጆሮም እዚህ ላይ ይረዳል። አየር ሲደፈን የሞተሩ ድምፅ እየቀጠነ ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ይህንን «ኃይል ጨመረ» ብሎ ይወስደዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ማራገቢያው የሚገፋው አየር ሲያንስ ሸክሙ ስለሚቀልለት ነው የሚፈጥነው። ሥራ ሳይሠራ እየፈጠነ፣ ሳይቀዘቅዝም እየጋለ ነው ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ካርቦኑ አልቋል ወይ?

ካርቦን የተሠራው እየተፋቀ እንዲያልቅ ነው፤ እንደ እርሳስ ማለት ነው። እያጠረ ሲሄድ ሞላው ይከተለዋል፣ በመጨረሻ ግን ሞላው የሚደርስበት ያበቃል። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው። ማሽኑ ጉልበት ያጣል፤ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል፤ ጎኑን መታ ሲያደርጉት የሚነሳ ከሆነ በተለይ ካርቦኑን መጠርጠር ነው። በብዙ ማሽኖች የላይኛው ክዳን ተፈትቶ ሞተሩ ሲታይ ካርቦኖቹ በግራና በቀኝ በትናንሽ ማቀፊያ ውስጥ ይገኛሉ። በአዲስነቱ ከነበረው ርዝመት አንድ አራተኛ ብቻ የቀረው ካርቦን ጊዜው አልፏል። ሲቀየር ሁለቱም አብረው መቀየር አለባቸው፤ ውፍረታቸውም ከማቀፊያው ጋር እኩል መሆን አለበት። ወፍራም ተገዝቶ በብርጭቆ ወረቀት ሊስተካከል ይችላል፤ ቀጭን ግን እየተንቀጠቀጠ ኮሙቴተሩን ይበላዋል።

የእህቴ የመጀመሪያው ማሽን የአውሮፓ ሥሪት፣ በከረጢት የሚሠራ፣ 1800 ዋት ነው። ጋሼ ከፈቱት በኋላ፣ ከሶኬት እንደተነቀለ፣ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች በቴስተር ያዙ። ቴስተሩ ምንም አላነበበም። እህቴ ፊቷ ጠቆረ። እሳቸው ግን አንዲት የእንጨት ስንጥር አንስተው አንደኛውን ካርቦን ከኋላው ወደ ውስጥ ጫን አደረጉት፤ ወዲያው የቴስተሩ ቁጥር መጣ። ሲለቁት ጠፋ። ደግመው ሲጫኑት መጣ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፣ «አልተቃጠለም፤ አልተገናኘም እንጂ።»

ለሁለት ካርቦን የተከፈለው ዋጋ የአንድ ሰው ምሳ ነው።

ደረጃ 4፦ ብልጭታው ምን ዓይነት ነው?

በካርቦንና በኮሙቴተር መካከል ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ መኖሩ ያለ ነው፤ አያስደነግጥም። አዲስ ካርቦን ሲገባም ጫፉ የኮሙቴተሩን ክብ ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ትንሽ ይበዛል። ዙሪያውን የሚዞር ቢጫ እሳት ሲሆን ግን ችግር አለ። ኮሙቴተሩ በካርቦን ዱቄት ጠቁሮ ከሆነ ማጽዳትና በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ማለፍ ሊያድነው ይችላል። ጎን ለጎን ያሉ አንድ ሁለት ቁራጮች ብቻ ተለይተው ከተበሉ ወይም ከጠቆሩ ግን የአርማቸሩ አንድ ጥቅል ተበጥሷል ወይም እርስ በርሱ ተነካክቷል ማለት ነው። ይህ ካርቦን በመቀየር አይድንም።

ደረጃ 5፦ ድምፁ ከየት ነው?

ሲጥ የሚል ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ከኩሽኔታ ይመጣል። ኩሽኔታው ሲያልቅ አርማቸሩ መሐሉን ይስታል፣ ካርቦኑም ይዘላል፣ ብልጭታ ይበዛል። ስለዚህ ብልጭታ የሚያወጣ ማሽን ላይ ካርቦን ብቻ ቀይሮ መመለስ አንዳንዴ የወር ዕድሜ ብቻ ነው የሚሰጠው። የኳኳታ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ማራገቢያው ውስጥ ጠጠር ወይም ቁልፍ ገብቷል፣ አልያም አንድ ክንፉ ተሰብሯል። ተነቅሎ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ለስላሳ ሆኖ መዞር አለበት፤ የሚያንገራግር ወይም የተቆለፈ ከሆነ መንስኤው ከኤሌክትሪክ በፊት ኩሽኔታ ውስጥ ይፈለጋል።

ደረጃ 6፦ በእርግጥ ተቃጥሏል ወይ?

መቃጠል የራሱ ማስረጃዎች አሉት። አንደኛው ሽታ ነው፤ የሽቦው ቫርኒሽ ሲቃጠል የሚወጣው የሚከረፋ ሽታ ከተቃጠለ አቧራ ሽታ ይለያል፣ ቀናትም ይቆያል። ሁለተኛው መልክ ነው፤ ጤነኛ ጥቅል የመዳብ ወይም የቀይ ቡና መልክ ሲኖረው፣ የተቃጠለው ይጠቁራል፣ ይፈረፈራል። ሦስተኛው ልኬት ነው። የዚህ መጠን ያለው ሞተር በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ጥቂት ኦም ብቻ ያነባል። በሽቦውና በሞተሩ የብረት አካል መካከል ግን ምንም መገናኘት የለበትም። ከተገናኘ ማሽኑ ሰው ይይዛል፤ ቢሠራ እንኳ መሰካት የለበትም። በአርማቸሩ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን ባሉት የኮሙቴተር ቁራጮች መካከል የሚነበበው ሁሉም ቦታ ተቀራራቢ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ማሽን የጓደኛዋ ነው፤ አክስቷ ከአሜሪካ ያመጡላት። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ይላል። ሁልጊዜ በትራንስፎርመር ነበር የሚሠራው፤ አንድ ቀን ግን ከሥራ ቦታ አንዱ በቀጥታ ሰክቶታል። ማን እንደሰካው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጋሼ ይሄኛውንም እንደ መጀመሪያው ሳይቸኩሉ ከገመዱ ጀመሩ። ገመዱ ደህና፣ ማጣሪያው ደህና፣ ካርቦኖቹ ገና ረጅም ናቸው። ጥቅሉ ጋ ሲደርሱ ግን ከሰል መስሏል፤ ቴስተሩም ከአካሉ ጋር መገናኘቱን አሳየ። «ይሄኛውስ እውነትም ተቃጥሏል» አሉ። ጓደኛዋ «ይጠቀለል አይቻልም ጋሼ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ዳሩን መጠቅለል እንደሚቻል፣ አርማቸሩ ግን እጅግ በፍጥነት የሚዞር በመሆኑ በእጅ ተጠቅልሎ ሚዛኑ ካልተስተካከለ ኩሽኔታውን ቶሎ እንደሚጨርሰው፣ ድካሙም ከዋጋው እንደሚበልጥ ነገሯት። አልከራከረችም። አንድ በአንድ ሲፈተሽ ቆማ አይታለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጥገና ቤቱ ስለ ሁለቱም ማሽኖች የተናገረው አንድ ዓይነት ቃል ነበር። በአንዱ ላይ ቃሉ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል፤ በሌላው ስህተት። ሳይመረመር የተነገረ ነገር እውነት ቢሆን እንኳ በአጋጣሚ ነው የሚሆነው።

አሮጌን መጠገን ያዋጣል ወይ?

ይህ እንደ ማሽኑ ነው። አሮጌዎቹ ኮረንቲ ይበላሉ። የአውሮፓ ኅብረት የቫኪዩም ክሊነርን ኃይል እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2014 ጀምሮ ከ1600 ዋት በታች፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ከ900 ዋት በታች እንዲሆን የወሰነው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያው ደንብ ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት መሥራት እንዳለበት ተደንግጓል። 500 ሰዓት በሳምንት አንድ ሰዓት ለሚያጸዳ ቤተሰብ ወደ 10 ዓመት ነው። በቀን አምስት ሰዓት ለምትሠራ ጽዳት ሠራተኛ ግን 100 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ለቤት የተሠራ ማሽን ለእንጀራ ሲውል ካርቦን፣ ማጣሪያና ኩሽኔታ ቶሎ ቶሎ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል አሮጌው ዩኒቨርሳል ሞተር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይፈታል። ካርቦኑ ለብቻው፣ ኩሽኔታው ለብቻው ይገኛል። ካርቦን የሌላቸው አዳዲሶቹ የባትሪ ቫኪዩሞች ሞተር በኤሌክትሮኒክ ካርድ ስለሚመራ፣ ካርዱ ሲበላሽ ሰፈር ውስጥ የሚጠግነው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ማጠቃለያ

የመጀመሪያው ማሽን ቀብድ የተበላበትን ፎቅ ምንጣፍ በሦስት ቀን ጨርሷል። ጋሼ ሲያስረክቡን የአንደኛው ኩሽኔታ ድምፅ እንዳላማራቸውና ከሁለት ወር በላይ ሳይቆይ እንዲቀየር አስጠንቅቀዋል፤ እህቴም ከገቢዋ ለዚሁ ቀንሳ ማስቀመጥ ጀምራለች። ሁለቱ ሴቶች አሁን በአንድ ማሽን ተራ እየገቡ ነው የሚሠሩት፤ ሥራው ቀንሷል፣ ግን አልቆመም።

ከዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሌላው ሁሉ ቢረሳው አራት ጥያቄዎችን ይያዝ። ለጥገና ሲሄድ «ተቃጥሏል» ከተባለ፦ የተቃጠለው የትኛው ክፍል ነው? በምን ታወቀ፣ በሽታ፣ በመልክ ወይስ በልኬት? ካርቦኑን አውጥተው ሊያሳዩኝ ይችላሉ? የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይመልሱልኛል? የሚያውቅ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ ጋሼ እንዲያውም የቆየ ካርቦን እያወጡ በመዳፌ ላይ ነው ያስቀመጡልኝ። መልስ የሌለው ግን ብዙ ጊዜ «ብነግርሽም አይገባሽም» ነው የሚለው። ያኔ ማሽኑን አንስቶ ሌላ ቤት መሄድ ነው።